የአዮ ፍየሎች የበሉት ቅጠል

«ፍየል የበላችውን ከፍየሏ በቀር ማን ያውቃል?» አለና የአንድ መዝናኛ ግቢ ሥራ አስኪያጅ ሳቀ። ይህን ያለው ስድስት ፍየሎች እግራቸውን ዘርግተው ቦዩ ዳር በተጋደሙበት፣ ባለቤታቸውም አጠገባቸው መሬት ላይ በተቀመጡበት ሰዓት ነው። እኔ ከሥራ ስመለስ ሰው ተሰብስቦ አይቼ ከባጃጅ ወርጄ ነበር። የሰውየውን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ልረሳውም አልፈልግም።

ቤቴ አዳማ ከተማ ጫፍ፣ ወደ መልካሳ በሚወስደው መንገድ በኩል ነው። ከእኛ ሰፈር አስፋልቱን ሲሻገሩ አንድ ትልቅ መዝናኛ ግቢ አለ፤ ሠርግና ምረቃ የሚደገስበት፣ ቅዳሜና እሑድ መኪና የሚሰለፍበት። ዙሪያው በረጅም ግንብ የታጠረ ነው። ከግንቡ በስተውስጥ ደግሞ ቅጠሉ ሞላላና ጠንካራ የሆነ፣ ሮዝ አበባ የሚያብብ ተክል ግንቡን ተከትሎ ተተክሏል። አትክልተኞች ኦሊያንደር ይሉታል። የሚያምር ተክል ነው፤ ብዙ ውሃ አይጠይቅም፣ የእኛ ፀሐይም አይበግረውም። መርዝም ነው። እንስሳ ቢበላው ልቡን ነው የሚያቆመው።

ከግንቡ ውጭ፣ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ያስተከለው ሌላ ተክል አለ። ይኼኛው ቢጫ አበባ ያብባል። የሮዙ ዘመድ ነው፤ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው፣ መርዛቸውም ተቀራራቢ ነው። አበባቸው ሲረግፍ መንገደኛ ለይቶ አያውቃቸውም።

የፍየሎቹ ባለቤት ጎረቤቴ ናቸው። ሰፈሩ በኦሮምኛ «አዮ» ብሎ ነው የሚጠራቸው፤ እናትም አያትም እንደማለት ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። አንዲት ሴት ልጃቸው ዱከም ፋብሪካ ትሠራለች፤ እዚያው ተከራይታ እየኖረች በወር አንዴ ትመጣለች። የቀረው ጊዜ ከዘጠኝ ፍየሎች ጋር ነበር የሚያልፈው። በየጠዋቱ ግንቡን ጥግ ይዘው ወደ ቁጥቋጦው ይነዷቸዋል። እነዚያ ፍየሎች ለዓመታት በቢጫው ተክል ሥር አልፈዋል፤ አንዲት እንኳ አንገቷን ቀና አድርጋ አልቀመሰችውም። መራራ ነው፤ ፍየልም ሞኝ አይደለችም። ነገር ግን ተቆርጦ የጠወለገ ቅጠል ሌላ ነገር ነው። በበጋ፣ ሣር በጠፋበት ወር፣ እንስሳ ይታለልበታል።

በዚያ ሳምንት የግቢው ሠራተኞች አጥር ተክሉን ከርክመው ቅርንጫፉን ከግንቡ በላይ ወደ ውጭ ወረወሩት። አዮ ሲወረወር በዓይናቸው አይተዋል። ቦዩ ውስጥ ተከምሮ ሁለት ቀን ፀሐይ መታው። በሦስተኛው ቀን አዮ ከአንዲት ጎረቤት ጋር ሰላምታ ሲለዋወጡ ፍየሎቹ ቀድመዋቸው ደረሱበት።

«ከግንቡ በላይ የጣላችሁት ነው የገደላቸው» አሉት ሥራ አስኪያጁን።

«አንቺ፣ እኛ ምንም አልጣልንም» አላቸው። ዕድሜው ከልጃቸው ቢያንስ እንጂ አይበልጥም፤ አንቺ ነው ያላቸው። «መንገድ ዳር ያለውን ቢጫውን በልተው ነው። እሱ ደግሞ የመንግሥት ነው። የመንግሥት ተክል በፍየል ማስበላትሽ ራሱ ያስጠይቅሻል።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለት ሠራተኞች የፈረስ ጋሪ ይዘው መጡና ቦዩን ጠራርገው ቅርንጫፉን ጭነው ሄዱ። ምንም አልጣልንም ያለ ሰው ምን ሊያስጠርግ እንደላካቸው የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። ቆሜ እያየሁ አንድ ቅጠል እንኳ አላነሳሁም። ከሁሉ ሰው በላይ በራሴ የምናደደው ለዚህ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ከተማ የቅጠል ነገር ሥራዬ ነው ማለት ከሚችሉት ጥቂት ሰዎች አንዷ እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ የቀበሌው ኃላፊ መጣና የሆነውን ነገር መዘገበ። አዮ ማንበብ አይችሉም። የፍየሎቹን መሞት የሚመዘግብ ወረቀት ነው ሲሏቸው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙበት። ግልባጩን ማታ ይዘውልኝ መጡ።

«እስቲ ልጄ፣ ምን ይላል?»

አነበብኩት። ፍየሎቹ በባለቤታቸው ቸልተኝነት የመንገድ ዳር ተክል በልተው እንደሞቱ፣ ባለቤቷም ዳግመኛ እንዳይለምዳቸው ማስጠንቀቂያ እንደተሰጣቸው ነበር የሚለው። እንዳለ ነገርኳቸው። ደብቄ ማለፍ እችል ነበር፤ ግን ሰው የፈረመበትን ማወቅ አለበት።

ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱ። «እንግዲያው እኔ ነኝ የገደልኳቸው?»

«እንደዚያ ነው የሚለው፣ አዮ።»

«ጣቴን ያደረግኩበት ወረቀት?»

«አዎ።»

ጣታቸው ላይ የቀለሙ ምልክት ገና አልለቀቀም ነበር። በነጠላቸው ጫፍ አሹት፤ አልጠፋም። አላለቀሱም። 

ከሞቱት ፍየሎች የአንዷን ሆድ ከፍቶ ያየው ወጣት የእንስሳት ሐኪም ነው። ሰፈሩ ሲጠራው ፈጥኖ ደርሶ ነበር። በልብ መርዝ መሞታቸውን ወዲያው አወቀ። ሮዙ ይሁን ቢጫው ግን መለየት አልቻለም።

«መርዛቸው ስለሚመሳሰል በምልክቱ አይለይም» አለኝ። «ቅጠሉም ታኝኮ አልቋል። ከሆዷ ያወጣሁትን ግን አልኮል ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። አንቺ ቅጠል እየቆረጥሽ አይደል የምትውይው? ውሰጂውና ሞክሪ።»

ሥራዬን ለማያውቅ ሰው መናገር አለብኝ። አዳማ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የባዮሎጂ ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። እያንዳንዱ ቅጠል ከቅርንጫፉ ጋር የሚያያዝበት ትንሽ እግር አለው፤ የቅጠል ዘንግ እንለዋለን። ውሃውም ምግቡም የሚተላለፈው በእሱ ነው። ዘንጉን በምላጭ አቋርጠው በስሱ ሲቆርጡት፣ ቀይ ቀለም ነክረው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት፣ ቧንቧዎቹ በየቦታቸው ተሰልፈው ይታያሉ። አሰላለፋቸው እንደ ተክሉ ዓይነት ይለያያል። በአንዱ ቀለበት ይሠራሉ፣ በአንዱ እንደ ማጭድ ይታጠፋሉ፣ በሌላው ተበታትነው ይቀመጣሉ። ላያቸው የሚመሳሰል ሁለት ዘመዳም ተክሎች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይለያሉ። ደግሞ ዘንግ ጠንካራ ነው። ቅጠሉ ደቅቆ ገንፎ ሲሆን እሱ ይተርፋል።

የክፍላችን ኃላፊ ይህንኑ ትምህርት በየዓመቱ ይሰጣል። ለተማሪዎቹ የሚያሳያቸው እኔ ቆርጬ በመስተዋት ላይ ያዘጋጀኋቸውን ስላይዶች ነው። በየዓመቱም ፈተና ላይ ያመጣዋል፤ ፈተናውን የማባዛው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ።

ሐኪሙ የሰጠኝን ብልቃጥ ስከፍት የወጣውን ሽታ አልገልጸውም። ወንፊት ላይ ደጋግሜ አጠብኩና በወረንጦ ዘንግ የሚመስለውን ሁሉ ለቀምኩ። አሥራ አራት አገኘሁ። ከዚያ ማወዳደሪያ ያስፈልገኝ ነበር። ቢጫውን ከእኛ መንገድ ዳርና ቢሾፍቱ ዘመድ ልጠይቅ ከሄድኩበት ሰፈር አመጣሁ። ሮዙን ከሞጆ አመጣሁ፤ ሁለተኛውን ደግሞ ከዚያው ግቢ፣ ከግንቡ በላይ ወደ ውጭ ከዘነበለ ቅርንጫፍ ቀጠፍኩ። ለጋውንም፣ ያረጀውንም ወሰድኩ። ዘንግ ከሥሩና ከጫፉ ሲቆረጥ መልኩ አንድ ስላልሆነ ሁሉንም ከመሃሉ ብቻ ቆረጥኩ።

አቆራረጡ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ነው የሚፈጀው። ዘንጓን የተሰነጠቀ ካሮት መሃል ታስገባለህ፤ ካሮቱን በግራ እጅህ ጨብጠህ ምላጩን ወደ ራስህ ትስባለህ። ከሃያ አንዱ ብርሃን የሚያሳልፍ ሆኖ ይወጣል። ሌላው ይጣላል። አንድ ሳምንት ሙሉ ከሥራ ሰዓት በኋላ እየቆየሁ ቆረጥኩ። አመልካች ጣቴን ሁለት ጊዜ ቆርጬዋለሁ።

በቢጫው፣ ከየትም ይምጣ፣ ማጭድ የመሰለ አንድ የቧንቧ እጥፋት ብቻ ነበር የታየኝ። በሮዙም ያ ማጭድ አለ፤ ግን ከግራና ከቀኝ ትከሻው ላይ አንድ አንድ ትንሽ ጥቅል ለብቻዋ ተቀምጣለች። ከፍየሏ ሆድ ከወጡት አሥራ አራቱ ሁለቱ ተበላሽተው ነበር። አሥራ ሁለቱ ትከሻቸው ላይ ትንንሾቹን ይዘዋል። ቢጫው አንድም አልነበረበትም።

በማግስቱ ጠዋት ኃላፊዬን ጠራሁት።

«ዶክተር፣ ይህን ቢያዩልኝ።»

ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ፤ ስላይዱን ወዲያ ወዲህ እያደረገ ረጅም ጊዜ አየ። «ጥሩ ቆርጠሻል» አለኝ። ሌሎቹንም አንድ በአንድ አየ። «ልዩነቱ ቁልጭ ብሏል። የምን ናሙና ነው?»

ነገርኩት። እጁን ከማይክሮስኮፑ ላይ አነሳ።

«ይኼ የእኛ ሥራ አይደለም።»

«ያዩትን ብቻ በደብዳቤ ቢጽፉልኝ ነው። አዛውንቷ ጥፋተኛ ተብለው ፈርመዋል።»

«አየሽ፣ የቅጠል ዘንግ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ዕድሜው ይቀይረዋል፣ የበቀለበት ቦታ ይቀይረዋል።»

«ለዚያ ብዬ ነው ከየቦታው ያመጣሁት። ለጋም ያረጀም አለበት።»

በሩን አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የዘንድሮ የምረቃ ምሳ የት እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲህ» አለኝ።

 ተነስቶ ወደ ክፍል ሄደ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አላውቅም ቢለኝ ኖሮ አይቆጨኝም ነበር። ያውቃል። ለሃያ ዓመታት ያስተማረውን ነገር፣ ለአንዴ ለሰው ሊጠቅም በመጣበት ቀን፣ ማስረጃ አይሆንም አለኝ። ልጆቹን በፈተና የሚጥላቸው ግን በዚሁ ነው። ስላይዶቹን አንድ በአንድ ወደ ሳጥናቸው መለስኩ።

አዮ ወደ ሰፈሩ ሽማግሌዎች ሄዱ። ሽማግሌዎቹም ነገሩ በቀበሌው አዳራሽ እንዲታይ ቀን አስቆረጡ። የኮሌጁን ማይክሮስኮፕ ማውጣት አልችልም፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የሚያስተምር የቀድሞ የክፍሌ ልጅ ግን በመስተዋት ብርሃን የምትሠራ ትንሽ ማይክሮስኮፕ ይዞልኝ መጣ። መስኮት ሥር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥናት።

ሥራ አስኪያጁ ዘግይቶ መጣ፤ ስልኩንም አልዘጋም። የሆነውን ስናገር እስክጨርስ አልጠበቀም።

«እሷ ጎረቤቷ ናት። የፈለገችውን ብትል ማን ያጣራል?»

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ ነጭ ጢም ያላቸው፣ በዝግታ ተናገሩ። «ጥሩ ብለሃል፤ ይጣራ። ሐኪሙ ወጥቶ ከሁለቱም ቅጠል ያምጣ። ቅጠሉን ቆርጦ ይጣልና እግሩን ብቻ በቁጥር ይስጣት። የቱ የቱ እንደሆነ ወረቀት ላይ ጽፎ ኪሱ ይክተት።»

እንዳሉት ተደረገ። ስድስት ዘንጎች ተሰጡኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ ቆረጥኩ፤ ላቤ ካሮቱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ስጨርስ ሽማግሌው አጎንብሰው ሞከሩና ቀና አሉ። «የኔ ዓይን አይረዳኝም። ማን ይይ?»

«እኔ ልይ» አሉ አዮ።

የቀበሌው ኃላፊ «እርስዎ ባለጉዳይ ነዎት» አላቸው።

«ባለጉዳይ ብትሆንስ?» አሉ ሽማግሌው። «መልሱ ያለው ሐኪሙ ኪስ ውስጥ ነው። ትይ።»

መጀመሪያ እኔ ያመጣኋቸውን የታወቁ ሁለት ስላይዶች አሳየኋቸው። አዮ በሕይወታቸው ማይክሮስኮፕ አይተው አያውቁም። አንድ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ቆዩ፤ መጀመሪያ ሽፋሽፍቴን ነው የማየው አሉ። ከዚያ ምስሉ ታያቸው።

«ይቺ ብቻዋን ናት» አሉ ስለ ቢጫው። ሮዙን ሳስቀምጥላቸው «ያቺ ደግሞ ልጆቿን ትከሻዋ ላይ ይዛለች። ሁለት ናቸው።»

እኔ ሃያ ስም ከማወቄ ውጭ ከዚህ የተሻለ አልገለጽኩትም ነበር። ከዚያ በኋላ ቁጥር የተጻፈባቸውን አንድ በአንድ ሰጠኋቸው። «ብቻዋን። ባለልጆች። ባለልጆች። ብቻዋን።» አራተኛው ላይ ዓይናቸው ደክሞ አረፉ፤ ውሃ ጠጡና የቀሩትን ሁለቱን አዩ። ሐኪሙ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ጮክ ብሎ አነበበ። ስድስቱም ልክ ነበሩ።

የመጨረሻው ስላይድ፣ ሰባተኛው፣ ከፍየሏ ሆድ የወጣው ነበር። አዮ አዩትና ከማይክሮስኮፑ ላይ ሳይነሱ «ባለልጆች» አሉ። ቀጥሎ የቀበሌው ኃላፊ ራሱ መጥቶ አየ። ጆሮው ቀላ።

«ዱጋ ነው» አሉ ሽማግሌው፤ እውነት ነው ማለታቸው ነው። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረ።

«ቢሆንስ?» አለ። «ቦዩ እኮ ከግንባችን ውጭ ነው። ቦይ ውስጥ ለተገኘ ነገር እኛ ምን አገባን?»

ያን ቀን የሰማሁትን ያህል ዓይን ያወጣ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ሁለት ሳምንት ሙሉ አልጣልንም ሲል የኖረ ሰው፣ መጣሉ ሲታወቅበት የወደቀበት ቦታ የእኛ አይደለም አለ። ፊቱ ላይ ትንሽ እንኳ ማፈር አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ግን እሱ እንዳሰበው የዋዛ አልነበሩም። ግቢው ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ዘንድ ሄዱ።

የሆነው ይኸው ነው። ከወር በኋላ ከግቢው ሰዎች መጡ፤ ሁለት ፍየሎች፣ አንድ ፎቶ አንሺና «ለአቅመ ደካሞች የተደረገ ድጋፍ» የሚል ባነር ይዘው። አዮ ገመዱን ይዘው ባነሩ ሥር እንዲቆሙ ተጠየቁ።

«አቅመ ደካማው ማን ነው?» አሉ። «እኔ ድጋፍ አልለመንኩም። ፍየሎቼን ነው የገደላችሁት። እሱን ጻፉበትና ልቁም።»

ሰዎቹ ባነራቸውን ጠቅልለው ሁለቱን ፍየሎችም ይዘው ሄዱ። ሽማግሌዎቹ እንደገና ተመላለሱ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት የግቢው ዘበኛ አራት ፍየሎች ነድቶ መጣ፤ በራቸው ላይ አስሯቸው ተመለሰ። ስድስት ለሞተባቸው አራት። ይቅርታ ያለ ሰው የለም።

ወረቀቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። አዮ ከፍየሎቹ ይልቅ እሱ ነበር የከነከናቸው። የቀበሌው ኃላፊ ማኅተም ያረፈበት መዝገብ አይቀደድም አለ። ሦስት ጊዜ አብሬያቸው ሄድኩ። አንዴ ስብሰባ ነው ተባልን፣ አንዴ ጸሐፊዋ የለችም ተባልን። በሦስተኛው ቀን፣ የመጀመሪያው ስህተት እንደነበረበት የሚገልጽ ሁለተኛ ወረቀት ተጽፎ ከኋላው ተያያዘ። አዮ ጣታቸውን ከማድረጋቸው በፊት መጀመሪያ ለእኔ፣ ቀጥሎ በሩ ላይ ለቆመች አንዲት የማያውቋት ተማሪ አስነበቡት። ሁለታችንም አንድ ዓይነት ስናነብ ነው ያተሙት።

ለእኔም ደብዳቤ ደረሰኝ። የኮሌጁን ዕቃ ያለፈቃድ ለግል ጉዳይ ተጠቅመሻል የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ቀለሙንና ስላይዱን ተጠቅሜአለሁ፣ ካሮቱና ምላጩ ግን የራሴ ናቸው ብዬ በጽሑፍ መለስኩ። መልሴ ፋይሌ ውስጥ አለ። የምረቃው ምሳ እዚያው ግቢ ተበላ፤ እኔ አልሄድኩም።

በሚቀጥለው መንፈቅ ኃላፊዬ ላቦራቶሪ መጣና እነዚያን የኦሊያንደር ስላይዶች ለክፍል እንደሚፈልጋቸው ነገረኝ። ለማስተማር ጥሩ ናቸው አለ። ሰጠሁት፤ ተማሪ ምን አጠፋ? ግን የእያንዳንዱ ስላይድ ወረቀት ላይ ከየት እንደመጣ እጽፋለሁ፣ ሥራዬ ነው። በአሥራ ሁለቱ ላይ «ከሞተች ፍየል ሆድ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ቦታውንም ጽፌዋለሁ። ሌላ ወረቀት ለጥፊበት አለኝ። አልለጠፍኩም። እሱም አልለጠፈም፤ እንዳለ ያሳያቸዋል መሰለኝ።

ሮዙ ተክል ዛሬም ግንቡን ሞልቶ ያብባል። አሁን የከረከሙትን ወደ ውጭ አይወረውሩም፤ ግቢው ጥግ ያቃጥሉታል። ጭሱም ጥሩ አይደለም ብዬ በራፋቸው ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ፤ ዘበኛው እነግርልሻለሁ አለ። አዮ ሰባቱን ፍየሎቻቸውን በግንቡ በኩል መንዳት ትተዋል። በታችኛው መንገድ፣ በድልድዩ ዞረው ነው የሚሄዱት። መንገዱ በእጥፍ ይረዝማል፣ ጉልበታቸውም እንደ ድሮው አይደለም። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ድልድዩ ላይ ቆመው ሲያርፉ አያቸዋለሁ፤ ከባጃጁ ውስጥ ሆኜ እጄን ሳነሳላቸው በትራቸውን ከፍ ያደርጉልኛል።